«ፓስፖርት»፦ ወረቀት አበቃለት በተባለበት ዘመን ግማሽ ሚሊዮን የታተመው የፎቶ መጽሐፍ

ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2017 ማክሰኞ ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ቀን ኮዳንሻ የተባለው የቶኪዮ አሳታሚ አንድ የፎቶ መጽሐፍ ገበያ ላይ አዋለ። ርዕሱ «ፓስፖርት» ነው። ባለፎቶዋ ማይ ሺራይሺ ትባላለች፤ ያኔ 24 ዓመቷ ነበር። ኖጊዛካ46 የሚባለው የሴቶች የሙዚቃ ቡድን አባል ነበረች። ፎቶዎቹን ያነሳው ካዙታካ ናካሙራ ሲሆን ቦታው የአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ነው። ዋጋው ግብር ሳይጨመር 1,800 የን።

በመጀመሪያው ሳምንት 104 ሺህ ያህል ቅጂ ተሸጠ። በጃፓን የሙዚቃና የመጽሐፍ ሽያጭ ደረጃ የሚያወጣው ኦሪኮን መጻሕፍትን መቁጠር የጀመረው በ2008 ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አንዲት ሴት ብቻዋን የቀረበችበት የፎቶ መጽሐፍ በአንድ ሳምንት ይህን ያህል ተሸጦ አያውቅም ነበር። ሽያጩም እዚያ ላይ አልቆመም። መጽሐፉ ደጋግሞ ታተመ። በዓመታት ውስጥ የታተመው ቅጂ ከ500 ሺህ አለፈ።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት አንድ ጥያቄ ስለሚያስጨንቀኝ ነው። የዝነኛ ሰው ፎቶ በየስልኩ በነጻ ይገኛል። ታዲያ በወረቀት የታተመውን ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛው ማን ነው? ለምንስ ይገዛል? ለታተመ መጽሐፍ የምንሳሳ ሰዎች መልሱን ማወቅ አለብን ብዬ አምናለሁ። ደግሞም መልሱ ያለው ብዙ የተማረ ሰው ዞር ብሎ በማያየው መደርደሪያ ላይ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እንተዋወቅ። ጃፓኖች «ሻሺንሹ» ይሉታል፤ የፎቶ ስብስብ ማለት ነው። እኛ አልበም ስንል ቤተሰብ የሚያስቀምጠው፣ እንግዳ ሲመጣ ከቡናው ጋር የሚወጣው ነው ትዝ የሚለን። ሻሺንሹ ግን ሌላ ነው። ከአንድ ዝነኛ ሰው ጋር ለቀናት ወደ አንድ ቦታ ተጉዞ፣ ፎቶ አንሺው፣ የልብስ ባለሙያዋ፣ የሜካፕ ባለሙያዋና አዘጋጁ አብረው የሚሠሩት መጽሐፍ ነው። ጽሑፍ እምብዛም የለውም። መጽሐፍ መደብር ውስጥ የራሱ መደርደሪያ አለው። የራሱ የሽያጭ ሰንጠረዥም አለው።

ሥሩ ያለው ሳምንታዊ መጽሔቶች ላይ ነው። የጃፓን የወጣት ወንዶች የማንጋ (በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) መጽሔቶች ሲገለጡ መጀመሪያ የሚታየው ባለቀለም የፎቶ ገጽ ነው። ይህን «ግራቢያ» ይሉታል፤ ቃሉ የመጣው ከቆየ የፎቶ ማተሚያ ዘዴ ስም ነው። አንዲት ወጣት በመጀመሪያ ግራቢያ ላይ ትወጣለች። ከዚያ ሽፋኑን ታገኛለች። ፊቷ መጽሔት ካሸጠ የራሷ መጽሐፍ ይመጣል። አሳታሚው መጽሔቱም ፎቶ አንሺውም በእጁ ስላለ መንገዱ አጭር ነው። ኮዳንሻ ከ1909 ጀምሮ የቆየ ቤት ነው፤ ከልብ ወለድ እስከ ማንጋ የማያሳትመው ነገር የለም።

የዚህ ዘርፍ ታሪክ ሁሉ የሚያኮራ አይደለም። በ1991 ኪሺን ሺኖያማ የተባለው ስመ ጥር ፎቶ አንሺ ሁለት መጽሐፎችን አወጣ። በመጀመሪያው የአንዲት የታወቀች ተዋናይት የራቁት ፎቶ ወጣ፤ እስከዚያ ድረስ ጸያፍ ነገር ማሰራጨትን በሚከለክለው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 175 ያስጠይቃል ይባል የነበረውን መስመር አልፎ ሄደ። ፖሊስ ግን ክስ አላቀረበም። በዚያው ዓመት መጨረሻ «ሳንታ ፌ» የተባለው ሁለተኛው መጣ። በጋዜጣ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ ታወጀ። ከ1.5 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ታትሞ የአገሪቱ ትልቁ የፎቶ መጽሐፍ ሆነ። በ«ሳንታ ፌ» የታየችው ሌላዋ ተዋናይት ገና 18 ዓመት መሙላቷ ነበር። እኔ ይህን ቁጥር እንደ ድል ልጽፈው አልችልም። የንግዱ ትልቁ ሽያጭ እንዲህ ባለች ለጋ ልጅ ላይ መቆሙ እስከ ዛሬ ጥያቄ የሚያስነሳ ነው፤ መነሳቱም ተገቢ ነው።

ወደ 2017 እንመለስ። ያ ዓመት ለጃፓን ኅትመት ክፉ ዓመት ነበር። በ1996 የመጽሐፍና የመጽሔት ሽያጭ ተደምሮ 2.65 ትሪሊዮን የን ገደማ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ በላይ ሄዶ አያውቅም። በ2017 በወረቀት የተሸጠው ወደ 1.37 ትሪሊዮን የን ወርዷል። በሃያ ዓመት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ጠፋ ማለት ነው። በተለይ የተመታው መጽሔት ነው። በ2016 የመጽሔት ሽያጭ ከ41 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጽሐፍ ሽያጭ በታች ሆነ። ለአነስተኛ መጽሐፍ መደብር ይህ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። ሰው በየሳምንቱ ወደ መደብሩ ጎራ የሚለው መጽሔት ብሎ ነበርና።

እዚህ ላይ የጃፓን የመጽሐፍ ገበያ እንዴት እንደሚሠራ ካላየን የ«ፓስፖርት» ነገር አይገባንም። ሁለት ደንቦች አሉ። አንደኛው፣ ዋጋውን የሚወስነው አሳታሚው ነው። መደብሩ ቅናሽ ማድረግ አይችልም። መጽሐፉ በቶኪዮ መሃልም በሰሜን ሆካይዶም ዋጋው አንድ ነው። ሁለተኛው፣ መደብሩ ያልተሸጠውን መጽሐፍ ለአከፋፋዩ መመለስ ይችላል። ኒፓንና ቶሃን የሚባሉ ሁለት ግዙፍ አከፋፋዮች መጽሐፉን ከአሳታሚ ተቀብለው ለየመደብሩ ያከፋፍላሉ፤ የተረፈውንም መልሰው ይሰበስባሉ። ከሚላከው ውስጥ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው ተመላሽ ነው።

ስለዚህ አሳታሚው ድጋሚ ለማተም ሲወስን ልቡ ይመታል። አድናቂው በመጀመሪያው ሳምንት ተሯሩጦ ገዝቶ ቢያበቃስ? ሁለተኛው ኅትመት ከመደርደሪያ ወደ መጋዘን ይመለሳል፤ ኪሳራው የአሳታሚው ነው። የዝነኞች መጽሐፍ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዕጣው ይኸው ነው። እንደ ክረምት ጎርፍ መጥቶ ይሄዳል። «ፓስፖርት» ግን እንደ ምንጭ ውኃ ሆነ። ታተመ፣ ተሸጠ፣ እንደገና ታተመ።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲለይልኝ እፈልጋለሁ። «ይህን ያህል ታተመ» እና «ይህን ያህል ተሸጠ» አንድ አይደሉም። 500 ሺህ የሚለው የአሳታሚው የኅትመት ቁጥር ነው። 104 ሺህ የሚለው ደግሞ ኦሪኮን ከመደብሮች ገንዘብ ቤት የሚሰበስበውን መረጃ ይዞ የገመተው ሽያጭ ነው። በዜና ሁለቱ ይቀላቀላሉ። ሆኖም ማንም አሳታሚ የሚመለስበትን መጽሐፍ በየጊዜው አያሳትምም። ደጋግሞ መታተሙ ራሱ መሸጡን ይመሰክራል።

አሁን ወደ ልጅቷ። ማይ ሺራይሺ በ1992 የተወለደች የጉንማ ክፍለ ሀገር ልጅ ናት። ኖጊዛካ46 በ2011 ሲመሠረት ነው የገባችው። ቡድኑን ያቋቋመው ያሱሺ አኪሞቶ ከዚያ በፊት ኤኬቢ48 የተባለውን ቡድን ለዝና ያበቃ ሰው ነው፤ ኖጊዛካ46ንም የዚያ ቡድን «ተቀናቃኝ» ብሎ ነው ያስተዋወቀው። ኤኬቢ48 ቅርብ ነበር፣ በየቀኑ ትያትር ቤት ሄደህ የምታያቸው ልጆች። ኖጊዛካ46 ደግሞ የተረጋጋ፣ አለባበሱ የተመረጠ፣ ከፋሽን መጽሔት የወጣ የሚመስል ቡድን ሆነ።

ሺራይሺ ለዚህ መልክ ቁልፍ ሰው ነበረች። ከ2013 ጀምሮ «ሬይ» የተባለ የወጣት ሴቶች የፋሽን መጽሔት ቋሚ ሞዴል ሆና ሠርታለች። ጉዳዩ የተለወጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል። «ሬይ»ን የሚያነቡት ሴቶች ናቸው። ምን ዓይነት ሊፕስቲክ እንደተቀባች፣ ፀጉሯን እንዴት እንዳበጀች፣ ምን ዓይነት ካፖርት እንደለበሰች ለማየት ነው የሚከፍቱት። ስለዚህ ሺራይሺ ሁለት ዓይነት ተመልካች ነበራት። አንዱ በዘፈኗ የሚወዳት፣ አብዛኛው ወንድ የሆነ አድናቂ ነው። ሌላው እሷን መምሰል የምትፈልግ ሴት ናት። «ፓስፖርት» ለሁለቱም የሚሆን መጽሐፍ ሆኖ ተገኘ።

የዋና ልብስና የውስጥ ልብስ ፎቶ አለው፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ከመውጣቱ በፊትም የተወራው በአብዛኛው ስለዚያ ነው። ግን በዚህ ብቻ 500 ሺህ አይታተምም። እንዲህ ያለ ፎቶ በየሳምንቱ መጽሔት ላይ በርካሽ ይገኝ ነበር። ልዩነቱ የአነሳሱ ይመስለኛል። ናካሙራ የፋሽንና የማስታወቂያ ፎቶ የለመደ እጅ ነው። ብርሃኑ የሴቶች መጽሔት ብርሃን ነው። አንዲት ሴት ይህን መጽሐፍ ይዛ ገንዘብ ቤት ጋ ለመሰለፍ አታፍርም። ቀላል ነገር ይመስላል እንጂ፣ ለአሥርት ዓመታት የወንዶች ብቻ በነበረ መደርደሪያ ፊት ሴት መቆሟ ትልቅ ለውጥ ነው።

ጊዜውም ገጥሟል። ይህ ሁለተኛ መጽሐፏ ነው፤ የመጀመሪያው በ2014 በሌላ አሳታሚ ወጥቷል። በመካከል ቡድኑ አድጓል። በ2015 መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ኤንኤችኬ በተባለው የጃፓን የሕዝብ ቴሌቪዥን የአዲስ ዓመት ዋዜማ የዘፈን ዝግጅት ላይ ወጣ። በጃፓን ይህ መድረክ አያትም የልጅ ልጅም አብረው የሚያዩት ነው። መጽሐፉ በፌብሩዋሪ 2017 ወጣ። በሚቀጥለው ወር ሺራይሺና ናናሴ ኒሺኖ ከፊት ሆነው የመሩት «ኢንፍሉዌንሰር» የተባለ ዘፈን መጣ። ዘፈኑ በዓመቱ መጨረሻ የጃፓን የሪከርድ ሽልማትን ወሰደ። ኖቬምበር ላይ ደግሞ ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ቶኪዮ ዶም በተባለው ግዙፍ ስታዲየም ዘፈነ። በዚያ ዓመት ስለ ሺራይሺ የሰማ አዲስ ሰው ሁሉ «ይቺ ማናት?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር። ሽያጩ ያልደረቀበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በነጻ የሚታየው ፎቶስ? ሽያጩን ይገድለዋል ተብሎ የተፈራው ነገር አገለገለው። በኖጊዛካ46 አካባቢ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ የትዊተር ገጽ መክፈት የተለመደ ሆነ። ከመውጫው ቀን በፊት ባሉት ሳምንታት በየቀኑ አንድ ሁለት ፎቶ ይለቀቃል። በቀረጻ መሃል ስትስቅ፣ ምግብ ስትበላ፣ በነፋስ ፀጉሯ ሲበታተን። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ዋናዎቹ ፎቶዎች ግን ይጠበቃሉ። በስልክ የሚታየው የቀረጻው ወሬ ነው፤ መጽሐፉ ራሱ ቀረጻው ነው። አንባቢ ወሬውን ሰምቶ ነገሩን ለማየት ይመጣል።

አንድ ሌላ ልዩነትም አለ። በዚያን ዘመን የጃፓን የሴት ቡድኖች ሲዲ በብዛት የሚሸጠው ከውስጡ ከዘፋኟ ጋር የመጨባበጫ ትኬት ስለሚገኝ ነው። አንድ አድናቂ ያንኑ ሲዲ አሥር ሃያ ጊዜ ይገዛል። ሲዲው ዕቃ ብቻ ሆነ። ለፎቶ መጽሐፍም ተመሳሳይ ዘዴዎች አሉ። ለአንድ መደብር ብቻ የሚዘጋጅ የተለየ ሽፋን፣ ፖስት ካርድ፣ ዝነኛዋ በእጇ መጽሐፉን የምትሰጥበት ዝግጅት። ይሁን እንጂ ለወራትና ለዓመታት የሚቀጥል ሽያጭ በዚህ አይመጣም። የተለየ ሽፋን በመጀመሪያው ቀን ያልቃል። ከዓመት በኋላ የሚገዛው ሰው አንድ ቅጂ ለራሱ የሚገዛ ሰው ነው። ለእኔ የ«ፓስፖርት» ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት 104 ሺህ ይልቅ ከዚያ በኋላ የመጣው የሚበልጠው ክፍል ይገርመኛል።

ጥቅሙ ግን ለሁሉም እኩል አልደረሰም። አከፋፋዮቹ ለየመደብሩ የሚልኩትን ብዛት የሚወስኑት በመደብሩ የቀድሞ ሽያጭ ነው። ትልቁ ሰንሰለት መደብር በመቶዎች ይደርሰዋል። የገጠር ከተማዋ መደብር ሁለት ሦስት ቅጂ ታገኛለች፤ አንዳንዴም ምንም። የተለየ ሽፋኑም ለትልልቆቹና ለኢንተርኔት መደብሮች ነው። የትንንሽ መደብር ባለቤቶች ብዙ የሚፈለግ መጽሐፍ አይደርሰንም ብለው ማማረር ከጀመሩ ቆይቷል። እውነት አላቸው። ሰፈር ያለው ልጅ መጽሐፉን ፈልጎ ሲመጣ «የለም» ከተባለ በሚቀጥለው ጊዜ በስልኩ ያዛል። ስለዚህ «የፎቶ መጽሐፍ መጽሐፍ መደብሮችን አዳነ» የሚለውን ወሬ ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። አንዳንዶቹን ደግፏል። ሌሎቹ ዳቦው በመስኮት ሲያልፍ አይተዋል።

በልጆቹ ላይም የመጣ ነገር አለ። «ፓስፖርት» ቁጥር ከሰበረ በኋላ ቁጥሩ መለኪያ ሆነ። አንዲት የቡድኑ አባል መጽሐፍ ባወጣች ቁጥር የመጀመሪያው ሳምንት ሽያጯ ከሺራይሺ ጋር ይነጻጸራል። አድናቂዎች በቁጥሩ ይፎካከራሉ። ወጣቷም ከቁጥሩ ጋር ትኖራለች። የዋና ልብስ ፎቶ መነሳት እንደ ሙያው ግዴታ ሲቆጠር፣ «አልፈልግም» የምትል ልጅ ምን ያህል ነጻነት አላት? ሺራይሺ 24 ዓመት የሞላት፣ በሥራዋ የጸናች ሴት ነበረች። ከኋላዋ የሚመጡት ሁሉ እንደዚያ አይደሉም። ይህን ሳያነሱ ስለ ሽያጩ ብቻ ማውራት ተገቢ አይመስለኝም።

ክብረ ወሰኑ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተሰበረ፤ ያውም በዚያው ቡድንና በዚያው አሳታሚ። ኤሪካ ኢኩታ ጃንዋሪ 22 ቀን 2019፣ 22ኛ ልደቷን ባከበረችበት ቀን፣ «ኢንተርሚሽን» የተባለውን መጽሐፏን አወጣች። ቦታው ኒው ዮርክ ነው። በአንድ ሳምንት 201 ሺህ ያህል ተሸጠ። ኢኩታ ፒያኖ የምትጫወት፣ በሙዚቃዊ ትያትር መድረክ የምትታወቅ ናት፤ ኒው ዮርክም የትያትሩ ከተማ ስለሆነ ነው የተመረጠው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ቦታው የባለፎቶዋን ሕይወት ሲናገር መጽሐፉ ክብደት ያገኛል።

ከዚያ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ከኖጊዛካ46 ውጭ የሆነ ሰው መጣ። ሚናሚ ታናካ የቴሌቪዥን አቅራቢ የነበረች ሴት ናት፤ ዘፋኝ ሆና አታውቅም። ዕድሜዋ 33። በቲቢኤስ ጣቢያ በሠራችበት ጊዜ ለወንድ ዓይን ትሞላፈጣለች እየተባለች በሴቶች ዘንድ የምትጠላ ነበረች። ከጣቢያው ወጥታ ስለ ቆዳና ስለ ውበት እንክብካቤ በመጽሔቶች መናገር ስትጀምር ግን ነገሩ ተገለበጠ። የናቋት ሴቶች ምክሯን ይከታተሉ ጀመር። ታካራጂማሻ የተባለው አሳታሚ የፎቶ መጽሐፏን ሲያወጣ ከ600 ሺህ በላይ ታተመ። ገዢዎቿ ውስጥ ሴቶች ብዙ ነበሩ። በሺራይሺ የተከፈተው በር በታናካ ጊዜ ወለል ብሎ ተከፈተ ማለት ይቻላል። በ33 ዓመት የፎቶ መጽሐፍ ማውጣትም አሳፋሪ መሆኑ ቀረ።

ሺራይሺ በ2020 ቡድኑን ለቃ ወጣች። ጃፓኖች ይህን «ምረቃ» ይሉታል። የስንብት ዝግጅቷ በዚያው ዓመት በቶኪዮ ዶም ሊደረግ ታስቦ ነበር፤ ኮሮና መጣና ቀረ። በመጨረሻ ኦክቶበር 28 ቀን 2020 ተመልካች በሌለበት አዳራሽ ተደርጎ በኢንተርኔት ተላለፈ። አድናቂዎቿ እጇን ሳይጨብጡ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሳይሆኑ፣ ከየቤታቸው በስክሪን ተሰናበቷት።

በጃፓን መጽሐፍ ሽፋን ላይ ከታች በኩል የምትጠመጠም ቀጭን ወረቀት አለች። «ኦቢ» ይሏታል፣ መቀነት ማለት ነው። መጽሐፉ ድጋሚ ሲታተም አሳታሚው መቀነቷን ይቀይርና አዲሱን ቁጥር ይጽፍባታል። ገዢው አይጥላትም፤ እንደታጠፈች ከመጽሐፉ ጋር ያስቀምጣታል። በ2017 የገዛና ከሦስት ዓመት በኋላ የገዛ ሁለት ሰዎች መጽሐፎቻቸውን ጎን ለጎን ቢያስቀምጡ ፎቶዎቹ ያው ናቸው። የሚለየው በመቀነቷ ላይ ያለው ቁጥር ነው።